የአባባ ጎረቤት

እትዬ፣ አስቀድሜ ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰው የልብና የስኳር መድኃኒት በሚቀበልበት ባንኮኒ ላይ ክርኔን አስደግፌ ስለ ዓሣ ላወራ ነው። ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። እኔን የሚያህል ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ሰው እግር ሥር ተንበርክኮ ጫማ ሲለካ የሚውል ሰው፣ ቢያንስ የምሳ ሰዓቱን ቀጥ ብሎ ቆሞ በቁም ነገር ማሳለፍ ነበረበት። ግን ምን ላድርግ? የአባባን የዓይን ጠብታ ልወስድ መጣሁ፣ ፋርማሲው ጭር ብሏል፣ አንቺም ካርቶን እየፈታሽ ነው። ፍቺ፣ ፍቺ... እኔን አትይ። እጅሽ ይሥራ፣ ጆሮሽን ብቻ አውሺኝ።

ልጆቹ እንዴት ናቸው? ትልቁን ሳሉ ለቀቀው? ትንሿስ ያቺን የምትነቃነቅ ጥርሷን ነቀለች? እሰይ! ጎበዝ ናት፣ በማን ወጥታ እንደሆነ እንጃ... ባንቺ ነው የሚሆነው። አዲስ መብራት አስገባችሁ ልበል? ያምራል። እናንተ ቤት መብራት መምረጥ ታውቁበታላችሁ። አባባም ዘንድ አንድ ሰው ያመጣላቸው መብራት አለ፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ እያለ በራሱ ጊዜ የሚቀያየር። ዓይኑ ለማያይ ሽማግሌ ሐምራዊ መብራት ይዞ መምጣት... ይሄ እኮ ትልቅ ልብ ይጠይቃል። እኔ ብሆን በሕልሜም አይመጣልኝም ነበር። እኔ ቀለል ያለ ጭንቅላት ነው ያለኝ፤ ለማያይ ሰው የማመጣው ራሴን ብቻ ነው።

ሰውየውን አታውቂው ይሆናል። ሥራ ይበዛበታል፣ ቤቱ ብዙም አይገኝም አሉ፤ ስለዚህ አንቺም ባታውቂው አይፈረድብሽም። ስሙን አልጠራም። ደግ ሰው ስለሆነ ስሙ ሲነሳ ይሸማቀቃል። ደግነቱን ራሱ ቀርጾ ራሱ ካላሳየ በቀር፣ በሌላ ሰው አፍ ሲነገር አይወድም።

የአባባን አኳሪየም መቼም ታስታውሺዋለሽ። ሳሎኑ ጥግ፣ ድሮ ሰዓት ይጠግኑበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የመስታወት ገንዳ። ሱቃቸውን ዘግተው ቤት መዋል የጀመሩ ጊዜ የገዙት ነው። መጀመሪያ ዓሦቹ ብዙ ነበሩ፤ እያደር ያ ወርቃማው ብቻ ቀረ። መዳፍ የሚያህል፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጅራቱ እንደ አሮጌ መጋረጃ የተንዘረፈፈ። ስም አላወጡለትም፤ «ጎረቤቴ» ነው የሚሉት። «ጎረቤቴ በላ?» «ቀስ ብለህ ዝጋው፣ ጎረቤቴ ተኝቷል።» «ዛሬ ጎረቤቴን ምን ነክቶታል፣ ዞር ዞር አበዛ።» እኔ እዚያው ቤት ስኖር፣ መብላቴና መተኛቴ እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም። ቅናት እንዳይመስልሽ። ደግሞ ቢሆንስ? በዓሣ የቀና የመጀመሪያው ሰው ልሆን እችላለሁ፤ በሌላ ነገር አንደኛ ወጥቼ ስለማላውቅ ይቺንም አልጥላትም።

ጠዋት ጠዋት አባባ ወንበራቸውን ያስጠጋሉ። መስታወቱን በጥፍራቸው ቆርቆር ያደርጋሉ። ከዚያ ሌባ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከር ያደርጋሉ። ጎረቤቴ እየተንገዳገደ ይመጣና ጣታቸውን በከንፈሩ ጠባ ጠባ ያደርገዋል። ያኔ ፊታቸውን ብታይው! ዓይናቸው ከከዳቸው ወዲህ ሌላ ምን ቀራቸው? ጋዜጣ አያነቡ፣ መንገድ አይወጡ፣ የሚጠይቃቸው ሰው ደግሞ... እሱን ተዪው። ሁሉም ሥራ አለበት።

ታዲያ ዓይን ሲደክም ገንዳውም አብሮ ደከመ። አባባ መስታወቱን በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውሉታል፣ በውጭ በኩል። ውጪው ያብለጨልጫል፤ ውስጡ አረንጓዴ ቅርፊት እንደ ምንጣፍ ለብሷል። ማጣሪያው አስም እንደያዘው ሰው ያጣጥራል። ከላይ ውሃው የጎደለበት ቦታ ነጭ የጨው መስመር ሠርቷል። እኔስ የት ነበርኩ? እዚያው ነበርኩ እንጂ! በየቀኑ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ራቴን እበላ ነበር። አረንጓዴ ሲሆን «ውይ፣ ተፈጥሮን መሰለ» ብዬ አድንቄዋለሁ። የሚያይና የማያይ ሰው አንድ ቤት ሲኖሩ የትኛው የትኛውን እንደሚመራ እኔን ጠይቂኝ።

እና አንድ እሑድ ያ ደግ ሰው መጣ። ብቻውን አይደለም፣ የመሥሪያ ቤት አለቃውን ይዞ። በሩን ስከፍትለት ትንሽ ደነገጥኩ። ፊቱ ጠፍቶኝ አይደለም፣ ኧረ በፍጹም! ፎቶው ግድግዳችን ላይ አለ። «አባቴን ላስተዋውቅዎ ብዬ ነው» አለ ለአለቃው። አለቃው አባባን ጨበጠ፣ ዞር ሲል ገንዳውን አየና «ይሄ ምንድነው፣ ሾርባ ነው እንዴ?» አለና ሳቀ። አባባም አብረው ሳቁ፤ እንግዳ ብቻውን ሲስቅ መተው አይወዱም። ያ ደግ ሰው ግን አልሳቀም። ጆሮው ድረስ ቀላ። ለአባቱ እንዲህ ያፈረ... ያዘነ ማለቴ ነው፣ ለአባቱ እንዲህ ያዘነ ሰው አይቼ አላውቅም። ለአባቱ ነዋ! ለማን ሊሆን ይችላል?

በሚቀጥለው እሑድ ተመልሶ መጣ። ሁለት እሑድ በተከታታይ! አባባ በድምፁ ሲያውቁት «ደኅና ነህ? ምን ሆንክ?» ብለው ጠየቁት። ክፉ ነገር የደረሰ መስሏቸው ነው እንጂ በክፉ አይደለም። መኪናው ውስጥ ያልነበረ ነገር አልነበረም፦ ያ መብራት፣ ሰማያዊ የተቀባ ጠጠር፣ የፕላስቲክ ቤተ መንግሥት፣ ስልክ የሚቆምበት ባለ ሦስት እግር ዘንግ። እኔንም አልረሳኝም፤ ባልዲ አምጥቶልኛል።

አመራሩን ብታይ ትኮሪበት ነበር። ስልኩን አቆመ፣ እጅጌውን ሰበሰበ። ስልኩ ስላልያዘው እንደገና ዘረጋና እንደገና ሰበሰበ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አንተ ዝቅ በል፣ እንዳትታይ» አለኝ። ዝቅ በማለት ደግሞ ማን ይችለኛል? እንጀራዬ ነው። ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ቪዲዮውን አይተሽዋል አይደል? አዎ፣ ልብ ሰጥተሽዋል፣ አይቻለሁ። እሱ ፈገግ ብሎ ቆሞ ውሃው በገዛ ፈቃዱ ሲጎድል ይታያል። ተአምር አይደለም። ከሥር እኔ የውሃ ጎማ አፌ ውስጥ ከትቼ እየሳብኩ ነው። ያን ውሃ ጠጥቼዋለሁ፣ እትዬ። ስለ ጣዕሙ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ አለቃው ግን ስለ ሾርባው አልተሳሳተም።

«ሁሉንም አውጣው!» ይላል ከላይ። «አንዲት ጠብታ አሮጌ ውሃ እንዳትቀር! አባቴ በንጹሕ ይኑር!» ሁሉንም አወጣሁት። አባባ ከወንበራቸው «ልጆች፣ ከአሮጌው ትንሽ አስቀሩለት፣ ይደነግጥብኛል» አሉ። ያ ደግ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አባባ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይረፉ፣ ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው።» እኔም ከጠረጴዛው ሥር «አዎ፣ ይረፉ» አልኩ። ሁለት ልጅ አሳድጎ፣ ከሁለቱም በአንድ አፍ «ይረፉ» መባል ለስንቱ አባት ይደርሰዋል?

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ሥራ ስልሽ... እሱ አሳሰበ፣ እኔ አሸሁ። ያን አረንጓዴ ቅርፊት በምን ፋቅሁት መሰለሽ? ጫማ ሲጠብ ተረከዝ በምናስገባበት የፕላስቲክ ማንኪያ! ለዚህ የተፈጠረ ይመስል ነበር፤ መስታወቱን ሳይጭረው ልጥ ልጥ አድርጎ አወረደው። የጨውን መስመር በአቼቶ አሸሁት። ጠጠሩን በሳሙና አጠብኩ። የማጣሪያውን ስፖንጅ በፈላ ውሃ ቀቀልኩት፤ ቀቅል ያለኝ እሱ ነው፣ አረፋ እስኪያወጣ የቀቀልኩት ግን እኔ ነኝ፤ እኔ አንዴ ከታዘዝኩ እጨምራለሁ። ከቧንቧ በቀጥታ አዲስ ውሃ ሞላንበት።

አማረ። መካድ አይቻልም፤ ሆቴል መሰለ። ጎረቤቴን ከባልዲው አንስቼ ስለቀው፣ ቤት እንደተሳሳተ ሰው በሩ አካባቢ ትንሽ ቆሞ ዙሪያውን አየ። ያ ደግ ሰው ጎንበስ ብሎ ከአባባ ጋር ተነሳ፤ ፎቶ ማለቴ ነው። «የአባቴን ዓለም በገዛ እጄ መለስኩለት» ብሎ ለጠፈው። ስንት ሰው ነው አሉ ያለቀሰው! እኔም አልቅሻለሁ፤ አቼቶው ዓይኔ ገብቶ ነበር። አለቃውም «ወንድ ልጅ!» ብሎ ጻፈለት አሉ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ሄደ። እጁ ላይ ምን እንደነበረበት እንጃ... ብቻ ታጠበ።

ጎረቤቴ በማግስቱ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ አየር ይጎርስ ጀመር። ክንፉ ሥር ቀላ። ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ጋደም አለ። እኔም ያን ጊዜ ገና የምግቡን ቆርቆሮ ገልብጬ ከጀርባው የተጻፈውን አነበብኩ። ውሃው ባንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይቀየርም ይላል። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እስኪለቅ በባልዲ ያድራል። ማጣሪያው በራሱ በገንዳው ውሃ ለቅለቅ ይደረጋል እንጂ አይቀቀልም፤ ዓሣውን ከገዛ ቆሻሻው የሚጠብቁት ደቃቅ ነፍሳት የሚኖሩት እዚያ ውስጥ ነው። እኛ ጠባቂዎቹን ቀቅለን፣ እሱን በሐምራዊ መብራት አስጊጠን ሄድን። በዚያ ቤት ማንበብ የማይችሉት አባባ ብቻ ናቸው፤ ያወቁትም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እኔ እንግዲህ ጫማ ሻጭ ነኝ፣ ምን ይገባኛል። ብቻ ሳስበው... የሚያኖረው ጥቂት ጥቂት እያለ በየሳምንቱ የሚመጣው ነው ማለት ነው። ዓመት ሙሉ ጠፍቶ፣ አንድ ቀን ከነአጀቡ መጥቶ ባንዴ የሚገለበጠው ግን... ስለ ውሃ ነው የማወራው፣ እትዬ። ለምን ቀና አልሽ? ካርቶንሽን ፍቺ።

ሞተ። አዎ፣ ሞተ።

ለዚያ ደግ ሰው ደወልኩለት። ስብሰባ ላይ ነበር፣ ቢሆንም አነሳ፤ በዚህ አይታማም፣ ሰው ሲሞት ያነሳል። «ለአባባ እንዳትነግረው! ልቡ አይችልም» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ በላስቲክ ከረጢት ሌላ ወርቃማ ዓሣ ይዞ መጣ። ቀለሙ ያው፣ መጠኑ ያው። «እንዲያውም ይሄኛው ወጣት ነው፣ ይሻላል» አለኝ ሹፌሩ። ጥሩ ሰው ነው ሹፌሩ። ብርቱካኑም በእሱ እጅ ነው የሚመጣው፣ ብርድ ልብሱም፣ ሰላምታውም። አባባ በኮቴው ያውቁታል፣ «ልጄ፣ መጣህ?» ይሉታል። ሰው ቶሎ ቶሎ የሚመጣውን «ልጄ» ቢል ምን ይገርማል?

አባባ ቀትር ላይ ጋደም ሲሉ፣ የሞተውን በረንዳው ላይ ያለ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ቀበርኩት። አዲሱን ለቀቅሁት። እንደ ጥይት ተወርውሮ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ገባ።

ጠዋት አባባ ወንበራቸውን አስጠጉ። ቆርቆር አደረጉ። ጣታቸውን ነከሩ። ምንም የለም። እንደነከሩ ቆዩ። ቡናማው ሹራባቸው እጅጌው ረጠበ፣ እሳቸው አላወቁትም። «ተቀይሞኛል» አሉ።

«ኧረ አዲሱ ውሃ ሆኖበት ነው» አልኩ እኔ ብልጡ።

በማግስቱም ያው። በሦስተኛው ቀን «ምን በደልኩት?» አሉኝ። እኔን ነው የሚጠይቁት! «አንተ አጠገቤ ነበርክ፣ የተናገርኩት ክፉ ቃል አለ?» ራታቸውን ነካ አድርገው ተዉት። ቁርሳቸውንም። ያንን ወንበር ግን አልተዉትም፤ ጣታቸውን ነክረው ቁጭ። ሰው እንዲህ ሆኖ ይበላል? አይበላም። ስንት ቀን እንደዚያ መቆየት ይችላል? ፋርማሲስቷ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ።

እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። ግን ከላይ ትእዛዝ አለ፤ እኔ ደግሞ በጣም ታዛዥ ነኝ፣ ስፖንጅ ቀቅዬ አስመስክሬያለሁ። ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰለሽ? አትስቂ... ወይም ሳቂ፣ ግድ የለም፤ ብቻዬን ስስቅበት ከረምኩ።

እኔ ራሴ ዓሣ ሆንኩ።

አዎ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ ማንም አልቀረጸኝም። አባባ ጣታቸውን ሲነክሩ፣ እኔ ከገንዳው ወዲያ በኩል ተንበረከክሁ፤ ክራቫቴን ወደ ትከሻዬ ወርውሬ፣ እጄን ድምፅ ሳላሰማ ውሃው ውስጥ ሰደድኩ። አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን እንደ ከንፈር አድርጌ የአባባን ጣት ጠባ... ጠባ አደረግሁት። አስቢው እስቲ! ፀጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው፣ ለሥራ የለበሰ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የገዛ አባቱን ጣት ውሃ ውስጥ ሲቆነጥር። እውነተኛው ዓሣ ከቤተ መንግሥቱ መስኮት ብቅ ብሎ ያየኛል። እንደዚያ የናቀኝ ፍጥረት የለም።

አባባ ግን... ፊታቸው እንደ ድሮው ሆነ። «መጣ!» አሉ። «ኧረ መጣ!» ያን ቀን ቁርሳቸውን ጨረሱ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት ዓሣነት እገባለሁ። በሕይወቴ ያገኘሁት የመጀመሪያ እድገት ነው፤ ሰው ከጫማ ሻጭነት ወደ ወርቃማ ዓሣነት ሲያድግ በየቀኑ አይታይም። ሱቅ ሁልጊዜ ዘግይቼ ነው የምደርሰው። አለቃዬ «ምን ሆነህ ነው?» ትለኛለች፤ ምን ልበላት? «ዓሣ ሆኜ» ይባላል? እጄን እያሸተተች «ምሳህን ጠዋት ነው እንዴ የምትበላው?» አለችኝ። እኔ ግን ተዋናይነቴ አኩርቶኝ ነበር። መንገድ ላይ ስሄድ ጣቶቼን እያፋጨሁ እለማመዳለሁ። ጠባ ጠባ ብቻ አይበቃም ብዬ፣ አንዳንዴ ዞር ብዬ በጅራት ገፋ ማድረግም ጨመርኩ፤ ትንሿን ጣቴን ማለቴ ነው።

እና አንድ ጠዋት፣ አባባ ጣታቸውን ሳያወጡ፣ ፊታቸውን ወደኔ ሳያዞሩ፣ ለዘብ ባለ ድምፅ «ጎረቤቴን ጥፍሩን ይቁረጥ በልልኝ» አሉ።

ደረቅሁ። እጄ እውሃው ውስጥ እንዳለ ደረቅሁ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከፀጉር የቀጠነ የሰዓት ሽቦ በጣታቸው ሲዳብሱ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ያን ጣት በዚህ ጣቴ ላታልለው! «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?» አልኳቸው። «ከመቼ ጀምሮ ትላለህ እንዴ? የአበባ ማሰሮ ስትቆፍር ሰምቼሃለሁ። አንተ በሕይወትህ አበባ ተክለህ ታውቃለህ?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ነገሩ ከነከነኝ። «ታዲያ ያን ጊዜ፣ ተቀይሞኛል፣ ምን በደልኩት እያሉ ምግብ የተዉት...»

«ስለ ዓሣው መሰለህ እንዴ?» አሉኝ።

...

እንደ እሳቸው ጆሮ የለኝም፤ ይቺን ግን ሰማኋት። ቆይተው ብቻ «እንዳወቅሁ እንዳትነግረው» አሉ። «አስቦ ነው ያመጣው፣ ይከፋዋል። ለወን...» አሉ መሰለኝ፤ ለማን እንዳሉ በደንብ አልሰማሁም። ምን ዓይነት አባት ናቸው በይኝ? ዓሣቸውን የገደለባቸው ሰው እንዳይከፋው በባዶ ውሃ ጣታቸውን ነክረው የሚቀመጡ!

አሁን ገንዳው ደኅና ነው። እየተሻለው ነው ማለት ይሻላል። ውሃ በባልዲ አሳድርና ጥቂት ጥቂት እቀይራለሁ። ስፖንጁን በራሱ ውሃ ለቅለቅ አደርጋለሁ። ጎማውን አሁን ያለ አፌ መሳብ ችያለሁ፤ ሾርባው ናፍቆኛል ብል ውሸት ነው። መብራቱን አጠፋሁት። ቤተ መንግሥቱን ተውኩት፣ ወጣቱ ዓሣ ይወደዋል። አረንጓዴው ከጀርባው መስታወት ላይ በስሱ ሲመለስ፣ አልፋቅሁትም፤ አባባ «ያቺን ተዋት፣ ቤት ታስመስልለታለች» አሉ። ትናንት ዓሣው ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ እስከ ጣታቸው ቅርብ ድረስ መጣ። አልነካቸውም። ውሃው ሲነቃነቅ ግን አወቁት። «ይለምዳል» አሉ። «አጠገቡ መቆየት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?» እኔ እጄን ላወጣ ስል፣ «አንተ ቆይ፣ የት ትሄዳለህ?» አሉኝ። እና ሁለታችንም እጃችንን ነክረን ተቀመጥን። ሱቅ ዘግይቼ ገባሁ። ጥፍሬን ደግሞ ቆርጫለሁ፣ ይኸው እይው።

ያን ሳጥን እኮ አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምታነሺው የምታስቀምጪው። የደከመሽ ይመስላል። ጠብታውን ስጪኝና ልሂድ፣ የምሳ ሰዓቴ አልቋል። ማታ ማታ ነው ያልሽው? እሺ። አደርግላቸዋለሁ፤ ሹፌሩ አያስፈልግም።

እና ደግሞ አደራ፣ ይሄን ወሬ ለማንም እንዳትደግሚው። አባባ እኔን አደራ ብለውኛል፤ እኔም አደራዬን ጠብቄ ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩት። ያ ደግ ሰው ከሰማ ይከፋዋል፤ እሱ ከሚከፋው እኛ ብንቸገር ይሻላል፣ እስካሁንም እንደዚያው ነው የኖርነው። የሚነገረው ነገር ካለ ምርቃቴን ብቻ ንገሪልኝ፤ ምርቃት አይደበቅም፣ ከልቤም ነው።

ዕድሜውን ያርዝምለት። ወንበር ይዞ የሚቀመጥበት፣ የሰው ኮቴ የሚያዳምጥበት እርጅና ድረስ ያድርሰው። በዚያን ጊዜም ብቻውን አያስቀረው፤ ልክ እንደ እሱ የሚያስብለት፣ ልክ እንደ እሱ የሚጠይቀው፣ ከእሱ ቅንጣት የማያንስ ልጅ አይንሳው።

አሜን በይ እንጂ፣ እትዬ።